ያልዘመተ ጠመንጃ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 መኸር፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በሚገኘው የአበርዲን የጦር መሣሪያ መፈተኛ ሜዳ፣ አርባ አጫጭር ጠመንጃዎች አቧራ እንዲጠጡ ተደረገ። አራት ዓይነት ናቸው፤ ከየዓይነቱ ዐሥር ዐሥር። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የላመ አቧራ ይነፋባቸዋል፤ ከዚያ ይወጡና ይተኮስባቸዋል። በየመካከሉ ይወለወላሉ፣ ዘይት ይቀባሉ፣ ተመልሰው ወደ አቧራው ይገባሉ። እያንዳንዱ ጠመንጃ 6,000 ጥይት እስኪተኩስ፣ የእያንዳንዱ ዓይነት ድምር 60,000 እስኪሞላ ድረስ እንዲህ ቀጠለ። ጠላት የለም፤ የሚጮህም የሚሮጥም የለም። ጠመንጃው ቀጥ ባለ ቁጥር ምልክት የሚያደርግ ሰው ግን አለ።

ቆጠራው ሲያልቅ የጦሩ መደበኛ መሣሪያ ኤም 4 በጠቅላላው 882 ጊዜ ቆሞ ተገኘ። ኤችኬ 416 የሚባለው 233 ጊዜ፣ ስካር 226 ጊዜ። አራተኛው 127 ጊዜ ብቻ። ይኸ አራተኛው ኤክስ ኤም 8 ይባላል። ኤም 4ን ተክቶ እንዲዘምት ታስቦ የተሠራ ነበር። ፈተናውን በአንደኝነት ሲያልፍ ግን ፕሮግራሙ ከተሰረዘ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ስለዚህ ጠመንጃ የማስበው ስለ ውጊያ ማሰብ ስለምወድ አይደለም። በቅርብ ዓመታት ጦርነት በየቤታችን ገብቶ ከወጣ በኋላ የመሣሪያ ወሬ ሲጀመር ልቤ ይሸሻል። የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሰው አንድን ዕቃ «አምነዋለሁ» የሚለው መቼ ነው? ስንት ጊዜ ካልከዳው በኋላ? ይኸ ጥያቄ እንደ ጠመንጃ ራቁቱን የሚወጣበት ዕቃ የለም። ወፍጮ ቢቆም ሰው እህሉን አስቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ጠመንጃ ግን ተሸካሚው ዓመታት ሙሉ የተሸከመው ለአንዲት ደቂቃ ሲል ነው፤ ከከዳም የሚከዳው በዚያችው ደቂቃ ነው። የቀረው ዘመን ሁሉ ክብደት ነው።

ኤክስ ኤም 8ን የነደፈው የጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮኽ ነው። መሠረቱ የጀርመን ጦር ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የታጠቀው ጂ 36 ነበር። ጥይት ሲተኮስ ከአፈሙዙ የሚቀነስ ጥቂት ጋዝ አጭር ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ መቆለፊያውን ብረት ወደ ኋላ ይመታል፤ ቀለሁ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ቀጣዩ ጥይት ይጎርሳል። በኤም 4 ግን ዘንግ የለም። ጋዙ ራሱ በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ተጉዞ በጠመንጃው ሆድ ውስጥ ይተነፍሳል፤ ጥላሸቱንም ሙቀቱንም እዚያው ይተዋል። ሁለቱ ለቆሻሻ ያላቸው ትዕግሥት የተለያየው በከፊል ከዚህ ነው። በፊዚክሱ የሚደነቅ ነገር የለም። የሚደንቀኝ ይህ ትንሽ ልዩነት አንድ ሙሉ የጦር ሠራዊትን፣ ምክር ቤትንና ፋብሪካዎችን ለአርባ ዓመት ማከራከሩ ነው።

አካሉ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። እኛ ዘንድ ታጣፊ ክላሽና ባለ ሰደፍ ክላሽ ሁለት የተለያዩ ጠመንጃዎች ናቸው፤ ሰው አንዱን ይመርጣል፣ ከመረጠው ጋር ይኖራል። ኤክስ ኤም 8 ይህን ምርጫ ለማስቀረት የመጣ ነው። 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አፈሙዝ ሲገጠምለት በተሽከርካሪ ውስጥ ለተቀመጠ ሾፌር የሚበቃ አጭር መሣሪያ ይሆናል። በ32 ሴንቲ ሜትር ገደማ የተራው እግረኛ ካርቢን ነው። 51 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋው ሲገጠምለት የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ ይወጣዋል፤ በዚያው ላይ እግርና ሰፊ የጥይት ካዝና ሲጨመርለት ደግሞ ያለማቋረጥ የሚያርከፈክፍ መሣሪያ ይሆናል። አካሉ፣ ቃታው፣ ልቡ አንድ ነው፤ የሚለወጠው እጅና እግሩ ነው።

ይህን ሳስብ ስለ ማይጨው አስባለሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ጣሊያንን ለመግጠም የተሰለፈው የኢትዮጵያ ሠራዊት ትከሻ ላይ የነበረው የጠመንጃ ዓይነት ብዛት የታወቀ ነው፦ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ፣ ሌላም ሌላም፤ አንዳንዱ ከአድዋ ዘመን የተረፈ፣ አንዳንዱ ገና ከሣጥን የወጣ። የአንዱ ጥይት በሌላው አይጎርስም። ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ወንድማማቾች ዝናር ለዝናር ቢለዋወጡ የማይረባበት ጊዜ ነበር። የአንድ ጠመንጃ ጥራት በዚያ ሁኔታ ምን ትርጉም አለው? ምንሽሩ ምንም ያህል የማይከዳ ቢሆን፣ የራሱ ጥይት ካለቀ ዱላ ነው። ስለዚህ ለስንቅና ትጥቅ ሹም «አንድ አካል፣ አንድ ጥይት፣ አንድ ካዝና፣ አንድ መለዋወጫ» የሚል ጠመንጃ ሲቀርብለት ከመውደድ በቀር ምን ያደርጋል? እኔም ብሆን እወደዋለሁ።

ግን ተገጣጣሚ ነገር ሁሉ መገጣጠሚያ አለው። አፈሙዝ ወጥቶ ሌላ ሲገባ ጠመንጃው ትናንት የመታበትን ቦታ ዛሬም መምታቱን መፈተሽ ግድ ነው፤ በትንሹ የተዛነፈ ብረት በሦስት መቶ ሜትር ላይ ሰው ይስታል። የሚለወጥ ክፍል የሚጠፋ ክፍልም ነው። ደግሞም የአፈሙዝ ርዝመት ሲቀነስ ጥይቱ ፍጥነት ያጣል፤ ይኸ ጥይት ትንሽ ስለሆነ ጉልበቱ በአብዛኛው ከፍጥነቱ ነው። በ23 ሴንቲ ሜትር አፈሙዝ የሚወጣው እሳትና ጩኸት ይጨምራል፣ እርሳሱ ግን ይደክማል። አጭሩ ጠመንጃ ከረጅሙ ጋር አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት አካልና አንድ ዓይነት ጥይት ይዞ ሌላ ጠመንጃ ነው። ይህን የሚያውቀው ግን የፈተነው ሰው እንጂ በዝርዝሩ ላይ ስሙን ያነበበው አይደለም።

ሐሳቡ አዲስ እንዳልነበረም ማስታወስ ያስፈልጋል። የኤም 4 ቀዳሚ የሆነው የኤም 16 አባት ዩጂን ስቶነር ራሱ በ1963 ስቶነር 63 የሚባል መሣሪያ ከረዳቶቹ ጋር ሠርቶ ነበር። ያው አንድ አካል ጠመንጃም፣ ካርቢንም፣ መትረየስም ይሆናል። ከሁሉም የሚገርመኝ አካሉ መትረየስ ሲሆን ተገልብጦ መሥራቱ ነው፤ በጠመንጃነቱ ከላይ የነበረው የጋዝ ዘንግ በመትረየስነቱ ከታች ይሆናል። እንዲህ ያለ ብልሃት ሲያይ የሰው አእምሮ ይደሰታል። የባሕር ኃይሉ ልዩ ኮማንዶዎች ቬትናም ይዘውት ሄደው ወደዱት፤ ለዓመታት ከእጃቸው አልወጣም። ሠራዊቱ ግን አልተቀበለውም። እንክብካቤ ይፈልጋል ተባለ። ኮማንዶ መሣሪያውን ማታ ማታ ፈትቶ የሚገጥም፣ ልቡን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ትናንት ከመንደሩ የመጣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ጠመንጃው የእሱን ስንፍና እንዲሸከምለት ይፈልጋል። ያው አንድ ብረት በአንዱ እጅ የሚታመን፣ በሌላው የማይታመን ሆነ። ታዲያ መታመኑ የት ነበር? ብረቱ ውስጥ ነው ማለት ይከብደኛል።

የቬትናሙ ኤም 16 ታሪክ ይህን ከማንም በላይ ይናገራል። ጠመንጃው በ1960ዎቹ አጋማሽ በብዛት ወደ ጦር ሜዳ ሲወርድ፣ በሙከራ ጊዜ ደህና የነበረው መሣሪያ በወታደሮች እጅ መቀርቀር ጀመረ። ቀለሁ በጉሮሮው ተጣብቆ አልወጣም ይላል፤ ለማውጣት መወልወያ ዘንግ በአፈሙዙ ሰድዶ መግፋት ያስፈልጋል፤ መወልወያ ደግሞ ለብዙዎቹ አልታደለም፤ ይኸ ጠመንጃ ጽዳት አይፈልግም የሚል ወሬም ተነግሮ ነበር። ወላጆች ለምክር ቤት አባሎቻቸው ጻፉ። በሪቻርድ አይኮርድ የሚመራ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሞ በ1967 ሪፖርቱን አወጣ፤ በጦሩ ሹማምንት ላይ የሰነዘረው ወቀሳ ወንጀል ለመባል ጥቂት የቀረው ቸልተኝነት እስከማለት የደረሰ ነበር።

ምን ተገኘ? ስቶነር ጠመንጃውን የነደፈው ለአንድ ዓይነት ባሩድ ነበር። ጦሩ ግን ባሩዱን በሌላ ለወጠው። አዲሱ ባሩድ ጠመንጃው ከታሰበለት በላይ እንዲፈጥን አደረገው፤ የሚተወው ቅሪትም ሌላ ነበር። በዚያ ላይ የጥይቱ ጉሮሮ በክሮም አልተለበጠም፤ የቬትናም እርጥበት ብረቱን በላው። ስለዚህ መፍትሔው ጉሮሮውን በክሮም መለበጥ፣ የጠመንጃውን ፍጥነት መግታት፣ መወልወያ ማደል፣ ወታደሩንም ማስተማር ሆነ። ለትምህርቱ ጦሩ ያሳተመው መመሪያ በታዋቂው የካርቱን ሠዓሊ ዊል አይስነር የተሳለ ቀልደኛ መጽሔት መሰል ነገር ነበር፤ ለዚህ አገልግሎት ከወጡት ወረቀቶች ሁሉ ምናልባት በጣም የተነበበው። ከዚያ በኋላ ያው ጠመንጃ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የጦሩ መሣሪያ ሆኖ ቆየ። የሠሪው ሐሳብ ከሞላ ጎደል ያው ነበር። ባሩዱ፣ ክሮሙ፣ መወልወያውና ልጁ ግን ተለወጡ።

ወደ አበርዲኑ ቁጥር ስመለስ ታዲያ በጥርጣሬ ነው። 882 በ60,000 ማለት በአማካይ በየ68 ጥይቱ አንድ ጊዜ መቆም ነው። 127 በ60,000 ደግሞ በየ472ቱ። የአሜሪካ እግረኛ በተለመደው ሰባት ባለ 30 ጥይት ካዝና፣ ማለትም 210 ጥይት ይዞ ይወጣል። በዚያ አቧራ ውስጥ የያዘውን ሁሉ ቢጨርስ፣ ኤም 4 የያዘው ሦስት ጊዜ ያህል ይቆምበታል፤ ኤክስ ኤም 8 የያዘው ምናልባት አንድ ጊዜ፣ ምናልባትም አንድም ጊዜ አይቆምበትም። በወረቀት ላይ የሚታየው ኤም 4 ከመቶው 98.5 ያህሉን ጥይት ያለ እንከን መተኮሱ ነው። 98.5 ከመቶ ያመጣ ተማሪ በየትኛውም ትምህርት ቤት ይሸለማል። ሦስት ጊዜ የቆመበት ወታደር ግን ከመቶ ስንት እንዳገኘ አይጠይቅም።

ነገር ግን ቁጥሩን ጠጋ ብዬ ስመለከት ሁለት ነገሮች እረፍት ይነሱኛል።

የመጀመሪያው ይኸ ነው። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ኤም 4 ብቻውን ተመሳሳይ የአቧራ ፈተና ተፈትኖ ነበር፤ ያኔ የቆመው 300 ጊዜ ገደማ ነው። ያው የጠመንጃ ዓይነት፣ ያው መጠን ጥይት፣ ያው አቧራ፤ ውጤቱ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ተለያየ። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተባለ። እኔ የምወስደው ይህን ብቻ ነው፦ በሁለት ፈተናዎች መካከል ያለው የአንዱ ጠመንጃ ልዩነት፣ በሁለት ጠመንጃዎች መካከል ካለው ልዩነት ብዙም የማይተናነስ ሊሆን ይችላል። እንግዲያው 127 ምንድን ነው? የኤክስ ኤም 8 ጠባይ ነው ወይስ የዚያ ጊዜ ዕድል? ለማወቅ ፈተናው ተደጋግሞ መደረግ ነበረበት።

ከ882ቱ ውስጥ 239 ያህሉ ከካዝናው የመጡ መሆናቸውም ተመዝግቧል። ካዝና በቆርቆሮ የተሠራ፣ በሽቦ ምንጭ የሚገፋ፣ ከጠመንጃው ሁሉ ርካሹ ዕቃ ነው። ወታደር ይጥለዋል፣ ይረግጠዋል፣ ከንፈሩ ይጣመማል። ከአራት ክህደት አንዷ የእሱ ነበረች።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ቆጣሪዎቹ የቆመውን ሁሉ አንድ አድርገው አላዩትም። ወታደሩ ራሱ በእጁ አቀባብሎ፣ ወይም ካዝናውን መትቶ የሚያስተካክለው ቀላል መቆም አለ። የመሣሪያ ጠጋኝ ካልመጣ የማይነሣ ከባድ መቆምም አለ። ኤም 4 ላይ ከ882ቱ 863 ቀላል፣ 19 ከባድ ነበሩ። ኤክስ ኤም 8 ላይ ከ127ቱ 116 ቀላል፣ 11 ከባድ። ኤችኬ 416 ላይ ከባዱ 14፣ ስካር ላይ 16 ነው።

በቀላሉ የኤም 4 ድርሻ ሰባት እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ በከባዱ ግን ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ጋዜጦች የጻፉት የመጀመሪያውን ነበር፤ የመጀመሪያው ይጮሃላ። እኔ ግን ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ላይ እቆያለሁ። ቀላል የሚባለው መቆም ለማን ነው ቀላል? ወረቀት ለያዘው ሰው በእርግጥ ቀላል ነው፤ በሰከንዶች ያልፋል። ለወታደሩ እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ምን እንደሆኑ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከባድ የተባለው በአንጻሩ መጠለያ ጀርባ ለተቀመጠ ሰው ከባድ ላይሆን ይችላል፤ ጠመንጃውን ያስቀምጣል፣ የወደቀውን ጓደኛውን ያነሣል። የፈተናው ምድብ የተሠራው በጥገና ጊዜ ነው እንጂ በአደጋ አይደለም፤ በአደጋ መመደብ ደግሞ በአበርዲን ክፍል ውስጥ አይቻልም።

ክፍሉ ሌላም ያላየው ነገር አለ፤ እሱም ሙቀት ነው። ሐምሌ 2008 አፍጋኒስታን ውስጥ ዋናት በተባለ ቦታ ዘጠኝ የአሜሪካ ወታደሮች የሞቱበት ውጊያ ሲካሄድ፣ ከተረፉት መካከል ካርቢናቸው እየጋለ እንደቆመባቸው የተናገሩ ነበሩ። መሣሪያው ከተነደፈለት በላይ ለረጅም ጊዜ ያለ ዕረፍት ተተኩሶበት ነበር። ጥፋተኛው ጠመንጃው ነው ብሎ መፍረድ ይከብዳል፤ ሰውየው መትረየስ የሚሠራውን ሥራ በካርቢን እንዲሠራ ግድ ሆኖበት ነበርና። ኤክስ ኤም 8 በዚያ ቦታ ቢኖር ምን ይሆን ነበር? በሙከራው ዘመን በተከታታይ ሲተኮስ የፕላስቲክ እጅ መያዣው ለሙቀት እንዳልቻለ ተዘግቧል። ወንድሙ ጂ 36ም ቢሆን በ2015 የጀርመን የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ኡርሱላ ፎን ደር ላየን፣ በሙቀት ጊዜ ኢላማውን ይስታልና በዚህ ሁኔታው በጦሩ ውስጥ ወደፊት ቦታ የለውም አሉበት። በዓመቱ በኮብሌንዝ የሚገኝ ፍርድ ቤት ለፋብሪካው ፈረደ፤ ጀርመን የገዛችው ባዘዘችው ልክ ነው በማለት። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ጠመንጃው ውሉ ላይ ለተጻፈው ታማኝ ነበር፤ ውሉ ላይ ስላልተጻፈው ማንም አልማለለትም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የማልሸሸው አንድ ነገር አለ። ስለ መታመን እያወራሁ የቆየሁት ከሰደፉ በኩል ሆኜ ነው። ከአፈሙዙ በኩል ላለው ሰው ከ127 ይልቅ 882 ይሻለዋል። እሱም እናት አለው፤ የእሷም ጸሎት ጠመንጃው እንዲቀረቀር ነው። ሁለቱ እናቶች በአንድ ሌሊት ስለ አንድ ብረት ተቃራኒ ነገር ይለምናሉ። የመሣሪያ ፈተና ይህን የሚጽፍበት ዓምድ የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም። ግን «የሚታመን ጠመንጃ» ማለት ይህንንም ጨምሮ እንደሆነ ረስቼ ስለ ጋዝ ዘንግ ብቻ ባወራ፣ ከሻጩ የተለየሁ አልሆንም።

የኤክስ ኤም 8 ዋጋ ታዲያ እንዴት ተመዘነ? በአጭሩ፣ አቧራው ክፍል ውስጥ አልነበረም። ኤክስ ኤም 8 የመጣው ጠመንጃና ቦምብ ወርዋሪ በአንድ ላይ ሊያደርግ ታስቦ ከመጠን በላይ ከከበደ ሌላ ፕሮግራም ቅሪት ነው። ለሁሉ በአንድ ጊዜ መልስ ይሆናል ተባለ፤ ተፎካካሪ ፋብሪካዎች ጨረታ የት አለ አሉ፤ የማነጣጠሪያው ባትሪ፣ እጅ መያዣው፣ ክብደቱ ተነሣ፤ ኦክቶበር 31 ቀን 2005 ፕሮግራሙ ተዘጋ። የ2007ቱን ፈተና ያስነሣው ሌላ ሰው ነው፤ ሐኪም የነበሩት የኦክላሆማ ሴናተር ቶም ኮበርን። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ለጦሩ ኃላፊ ደብዳቤ ጻፉ፤ ልጆቻችን የሚገባቸውን መሣሪያ ይዘዋል ወይ ብለው። እስኪመለስላቸውም የኃላፊውን ሹመት አዘገዩ። እንግዲህ ኤክስ ኤም 8 ወደ አቧራው የገባው ለራሱ አልነበረም። ሞቶ ነበርና ለኤም 4 መመዘኛ ይሆን ዘንድ ከመቃብር ተጠራ።

ውጤቱ ከወጣ በኋላ ኤም 4 አልተጣለም፤ ተጠገነ። በ2009 ጥይቱን ከፍ አድርጎ የሚገፋው ክፍል የተሻሻለበት አዲስ ካዝና ታደለ፤ ከርካሹ ዕቃ ጀመሩ ማለት ነው፤ ትክክለኛ ቦታ ይመስለኛል። የበለጠ ወፍራም አፈሙዝ ያለው ኤም 4 ኤ 1 ተስፋፋ። ጥይቱም ራሱ ተለወጠ። ከዚያ ጦሩ አዲስ ካርቢን ፍለጋ ግልጽ ውድድር ከፈተ፤ ተወዳዳሪው በአንድ መቆምና በሌላው መካከል በአማካይ 3,592 ጥይት መተኮስ ነበረበት። በ2013 ውድድሩ ያለ አሸናፊ ተዘጋ፤ ይህን ያለፈ አልተገኘም። ጦሩ በሰጠው ማብራሪያ ላይ፣ አዲሱ ጥይት ከካዝናውና ከመሣሪያው ጋር በፈጠረው ግንኙነት ሳቢያ ውጤቱ ከተጠበቀው ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አለ። በ1967 ባሩድ ነበር፤ በ2013 ጥይቱ ሆነ። ጠመንጃን ለብቻው የሚመዝን ሚዛን እስካሁን አልተሠራም።

በ2022 ሚያዝያ ጦሩ ሌላ ጠመንጃ መረጠ፤ የሲግ ሳወር፣ ዛሬ ኤም 7 የሚባለው። የዚህኛው ዋና መለኪያ በሩቅ ያለን የደረት መከላከያ ብረት መብሳት ነው፤ ጥይቱ ሰፋ ብሎ 6.8 ሚሊ ሜትር ሆኗል፣ ካዝናውም ከ30 ወደ 20 ወርዷል። ሰባት ካዝና የያዘ ወታደር አሁን 210 ሳይሆን 140 ጥይት ይዞ ይወጣል፤ ጠመንጃው ራሱም ከኤም 4 ይከብዳል። የዋጋ ጥያቄው ከአቧራ ወደ ብረት መብሳት ተሻግሯል። ከቀነሱት ሰባ ጥይቶች መካከል ስንቱ በአቧራ ይቀረቀሩ እንደነበር፣ ከቀሩት 140ዎቹስ አንዱ ሲቀረቀር ለተሸካሚው ምን ያህል እንደሚከብደው፣ ወረቀቱን ይዞ የሚቆም ሌላ ሰው መቁጠር ይኖርበታል።